መጀመሪያ የሴቶቹን ስም

ከመቃብር አትጀምሪ፣ ልጄ። ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም የቅድመ አያት ፍለጋ ወደ እኛዋ የጎጃም መሸንቲ የሚመጡ ልጆች እግራቸው መጀመሪያ የሚያቀናው ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ስምና ዓመት የተጻፈበት ድንጋይ ይፈልጋሉ። በግቢው የሚያገኙት ግን ፎቶግራፍ የተለጠፈበት የሲሚንቶ መቃብር ነው፤ አብዛኞቹም እኔ በዓይኔ የማውቃቸው ሰዎች የተኙበት። ከእነሱ በፊት ያለፉት ድንጋይ ተከመረባቸው እንጂ ስም አልተጻፈላቸውም። ቦታውን ለይቶ የሚያውቀው ዘመድ ነበር። ዘመዱም ሲያልፍ ያው ቦታ ለሌላ ሰው ይቆፈራል።

ስለዚህ ከሰው ጀምሪ፤ ከሰውም ከሴቶቹ።

ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ። ስምሽን ስትጽፊ የአባትሽንና የአያትሽን ስም ታስከትያለሽ፤ እናትሽ ግን እዚያ ውስጥ የለችም። እናትሽም ስትጽፍ እናቷን አትጽፍም። አራት ትውልድ ወደ ኋላ ብትሄጂ አሥራ ስድስት ወላጆች አሉሽ፤ በስምሽ ሐረግ ወደ ላይ ስትወጪ የምታገኚው ግን አንዱን ወንድ ብቻ ነው። የቀሩትን አሥራ አምስቱን፣ ከእነሱም ስምንቱን ሴቶች፣ ካልጠየቅሽ ማንም አይነግርሽም። የወንዶቹን ሐረግ ሰው በፉከራም፣ በቀረርቶም፣ በስሙ ጭራም ሲጠራው ይኖራል። የሴቶቹ ስም ግን ቶሎ ይጠፋል፤ በልጆቻቸው አፍ «እማማ»፣ በጎረቤት አፍ «የእከሌ እናት» ሆነው ያልፋሉና።

ይህ ደግሞ ድሮ እንዲህ አልነበረም። በጎጃም ርስት በእናትም በአባትም ይወረስ ነበር። አንድ ገበሬ የእናቱ እናት ከአቅኚው አባት የምትወለድ መሆኗን በምስክር ካስረዳ ከዚያ አባት መሬት ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። አቅኚ አባት የሚባለው መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ነው፤ ልጆቹ ወንድ ሴት ሳይባል እያንዳንዳቸው የአንድ ቅርንጫፍ መነሻ ይሆናሉ። ስለዚህ ቅድመ አያቶቻችን የሴት አያቶቻቸውን ስም እስከ ስምንትና ዘጠኝ ትውልድ በቃላቸው ይዘው ነበር። መሬት ነበራ! አላን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ደጋ ዳሞት ገብቶ ይህን ሥርዓት ከገበሬው አፍ አጥንቶ በ1973 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል። እንግሊዝኛ ታነቢያለሽና ፈልገሽ አንብቢው፤ የአያትሽ አባት ለምን ያን ያህል ስም በቃሉ እንደያዘ ይገባሻል።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ። ለጭሰኛው አገር ትልቅ ነገር ነበር፤ እሱን አላቃልልም። ለእኛ ግን ከርስቱ ጋር አብሮ የቀረ ነገር አለ። ዘር መቁጠር ዳኛ ፊት የማያስፈልግ ሆነ፤ የማያስፈልገውን ደግሞ አባት ለልጁ አያስጠናም። በዚያ ዓመት ሃያ ዓመት የሞላቸው፣ ለርስት ሲሟገቱ አባታቸው አጠገብ ቆመው የሰሙ ሰዎች ዛሬ ሰባን ተሻግረዋል። ከእነሱ በታች ያለው ሰው የሚያውቀው ለጋብቻ የሚቆጠረውን ሰባት ቤት ነው፤ እሱንም ሽማግሌ ጠርቶ ያስቆጥራል እንጂ በራሱ አይቆጥርም። ቤተ መጻሕፍቱ አይሸሽም፣ መዝገቡም ይቆይሻል። እነዚህ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግን አይቆዩሽም። በዚህ ጉዳይ አጥብቄ የምለምንሽ ይህንን ነው።

ስትጠይቂ ግን አንድ ነገር ልብ በይ። በእኛ አገር የማያውቁት ሰው መጥቶ ዘር ከጠየቀ «መሬት ልትጠይቅ መጣች» ይባላል። በ1989 ዓ.ም. የተደረገውን የመሬት ድልደላ ያየ ሰው አይፈረድበትም። ስለዚህ ገና ቁጭ ስትዪ፣ ቡናው ሳይፈላ፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ፣ ለምን እንደምትጠይቂ፣ የምትጽፊውም ማን እጅ እንደሚገባ ተናገሪ። ስልክሽንም ሳታስፈቅጂ አትክፈቺ። ሰው የሚበዛበት ለቅሶ ቤት ገብተሽ አትጠይቂ። ለቅሶ ቤት ግን ሂጂ፣ አዳምጪ። ሙሾ የምታወርድ ሴት የሟችን ወገን በአባትም በእናትም በኩል ከነአገሩ፣ ከነሞያው ትጠራለች። የእናቴ እናት የት አገር ተወልዳ እንደተዳረች የሚያውቅ ሰው ባጣሁበት ጊዜ የነገረችኝ አንዲት አልቃሽ ናት። እናቴ በሞተች ማግሥት በሙሾው መሀል የእናቷን አገር ጠራች፤ ከአርባው በኋላ ሄጄ ቁጭ ብዬ ጠየቅኋት። ለሙሾ ብላ የያዘችው የአገር ስም እኛ ቤት ውስጥ አልነበረም። እንዲህ ያሉ ሴቶች ዛሬ ጥቂት ናቸው፤ ካገኘሽ ጊዜሽን ስጫቸው።

«የሴት አያትዎ ማን ይባላሉ?» ብለሽ በድፍኑ አትጠይቂ፤ «እንጃ» ትባያለሽ። ከየት ተድረው መጡ? ሰማንያ ሲታሰር ዋስ የሆነው ማን ነው? ሲወልዱ ለአራስነት የሄዱት ወደ ማን ቤት ነው? ተዝካራቸው የወጣው በየትኛው ደብር ነው? ለክርስትና ልጅ ያነሱት ለማን ነው? እንዲህ እንዲህ እያልሽ ጠይቂ። ስም የጠፋበት ሰው ቦታው ይታወሰዋል፤ ቦታው ሲነሳ ስሙም ይመጣል።

ሁለት ስም እንዳለንም አትርሺ። ወረዳ የሚያውቀው የዓለም ስም ነው። ቤተ ክርስቲያን በፍትሐት የምትጠራው፣ በብራና ላይ የሚጻፈው ደግሞ የክርስትና ስም ነው። በአንድ ሰው ሁለት ስም ሳቢያ ሁለት ሰው አድርጎ የሚጽፍ ብዙ ነው። ስለዚህ በደብተርሽ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ቦታ ክፈቺ። የክርስትናውን ስም ካገኘሽ ልደቱን ወደ መገመት ትቀርቢያለሽ። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ነው የሚጠመቁት፤ ካህኑ ብዙ ጊዜ የሚሰይመው በዕለቱ በሚታሰበው ቅዱስ ነውና ወልደ ጊዮርጊስ የተባለ ልጅ በ23ኛው ቀን ተጠምቆ ከሆነ ወደ ኋላ አርባ ቀን ብትቆጥሪ ባለፈው ወር 13 ወይም 14 ላይ ትደርሻለሽ። ለወለተ ጊዮርጊስ ሰማንያውን ቁጠሪ፤ ሁለት ወር ወደ ኋላ ሄዶ በ3 ወይም በ4 ላይ ይውላል። ማስረጃ ነው አልልሽም፤ አንዳንዱ በአያቱ ምርጫ፣ አንዳንዱ በስለት ይሰየማልና። ከሌላው ወሬ ጋር ሲገጥም ግን ይጠቅማል።

ዓመቱን ለማግኘት ደግሞ ሰው ዓመተ ምሕረት አይነግርሽም። «በክፉ ቀን»፣ «በኅዳር በሽታ»፣ «ጣሊያን ሊገባ ሲል» ነው የሚልሽ። ክፉ ቀን ከብቱ አልቆ ሰው የተራበበት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ነው። የኅዳር በሽታ 1911 ነው፤ የጣሊያን ጊዜ ከ1928 እስከ 1933። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 1909 ነው። ከዚህም ሌላ ሰው የወንጌላዊውን ዘመን ያስታውሳል፤ «ዘመነ ሉቃስ ነው የተወለደችው» ይልሻል። ያንን አትናቂው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረሽ ለአራት አካፍይው፤ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። «በኅዳር በሽታ፣ በዘመነ ሉቃስ» ካሉሽ 5500 እና 1911 ሰባት ሺህ አራት መቶ አሥራ አንድ ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፤ ሉቃስ ነው፣ ወሬያቸው ገጥሟል። «በዘመነ ማቴዎስ» ቢሉሽ ግን ወይ ዓመቱን ወይ ዘመኑን ተሳስተዋልና ሌላ ሰው ጠይቂ።

ከሰው ቀጥሎ ወደ ሣጥኑ ሂጂ። በየቤቱ ያለው የእናቶች ሣጥን ከማንኛውም መሥሪያ ቤት ይበልጥብኛል። የሰማንያ ውል ካለ የምስክሮቹንና የዋሱን ስም ሁሉ ገልብጪ፤ ብዙውን ጊዜ አጎቶች ናቸው። የቤተሰብ ዳዊት ካለ በቀይ ቀለም ወይም በኅዳጉ የባለቤቱ የክርስትና ስም፣ አንዳንዴም የሚስቱ ስም ይኖራል፤ መጽሐፉ በተሸጠ ጊዜ የፊተኛው ስም ተፍቆ የኋለኛው ተጽፎበት ሊሆን ይችላልና ፍቁን ብርሃን ላይ አድርገሽ እዪው። ክታብ ካገኘሽ ደግሞ አትጣይው። ካህናት አይወዱትም፤ እኔም ለመድኃኒትነቱ አልቆምለትም። ነገር ግን ክታብ የሚጻፈው ለአንድ ሰው ነው፤ በየጸሎቱ መካከል የዚያ ሰው የክርስትና ስም እየተደጋገመ ይጠራል፤ ይዘውትም የነበሩት በብዛት ሴቶች ናቸው፤ ወሊድ ያስቸገራቸው፣ ልጅ የሚሞትባቸው ሴቶች። የእናቴ አያት ስም ለእኛ «እማማ» ብቻ ነበር። በቆዳ ማኅደር የተሰፋ ክታቧን ካህን ሲያነብልኝ ስሟ ወጣ፤ ስሟን ይዤ ነው ከዚያ በኋላ ጸሎት ያደረስኩላት። የሚያለቅስ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ፤ ያን ቀን ግን አልቅሻለሁ።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንመለስ፤ አሁን ሂጂ። ስም ይዘሽ ስትሄጂ መቃብሩም ይናገራል። ቤተሰብ በአንድ ወገን መቀበር ይወዳልና የአንዱን ቦታ ካወቅሽ የቀሩትን በዙሪያው ትጠይቂያለሽ። የመቃብሩን ጽሑፍ ስትገለብጪ የሞቱን ቀን እመኚው፤ የልደቱን ዓመት ግን ልጆቹ ገምተው ያጻፉት ሊሆን ይችላል። ደብሩ ከ1965 ዓ.ም. የቃለ ዐዋዲ ደንብ ወዲህ የሰበካ ጉባኤ አባላት መዝገብ ሊኖረው ይችላል፤ ቤተሰብ በሙሉ የተመዘገበበት ነው። የእድር መዝገብ የቤተሰቡን አባላትና የሞቱበትን ቀን ይይዛል፤ ጸሐፊውን በአክብሮት ጠይቂ። አያትሽ እስላም ከሆኑ በመስጊዱ ሽማግሌዎችና በቤቱ ቁርዓን መጀመሪያ ገጽ ጀምሪ፤ መንገዱ ያው ነው።

የብራና መጻሕፍት ሌላ ዓለም ናቸው። በወንጌል ኅዳግ ላይ የርስት ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ውርስና የምስክሮች ስም ይጻፍ ነበር፤ ወንጌል ላይ የተጻፈን የሚክድ ስላልነበረ። ወገንሽ ከዘጌ ወይም ከጣና ደሴቶች በኩል ከሆነ ይህን ፈልጊ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም፤ ወንድምሽን ላኪ ወይም መምህሩን ጠይቂ። በ1961 ዓ.ም. አካባቢ ኤርንስት ሐመርሽሚት የሚባል ተመራማሪ የጣናን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንስቷቸዋል፤ ከዚያም ወዲህ የአገራችን ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ተባብረው በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በፊልም አንሥተዋል፤ ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለእነዚህ መጻሕፍት ዝርዝር ነው። ብዙው ዛሬ በኢንተርኔት ይታያል። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ ዘመድሽ እዚህ ካለሽው ካንቺ ቀድሞ የደብርሽን መጽሐፍ ሊያይ ይችላል፤ ሥራውን ተካፈሉ።

ከመሥሪያ ቤቱ ብዙ አትጠብቂ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደትና የሞት መዝገብ ደንግጎ ነበር፤ ያ ክፍል ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። በአገር ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ለልጆችሽ ይጠቅማል፤ ለአያቶችሽ አይደርስም። ለልጆችሽ ግን አስመዝግቢ፤ ቸል አትበይ። የሸዋ ሰው የአያቱን ስም በጋሻ ልክ መዝገብ ያገኛል ሲሉሽ ብትሰሚ ወደዚህ አታምጪው፤ ጎጃም፣ ቤጌምድርና ትግራይ በጋሻ ስላልተለኩ ግብሩ የሚከፈለው በሌላ መንገድ ነበር። የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽ ከ1967 ወዲህ ያለውን ይረዳል። በክልላችን ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ደግሞ የሚስት ስም ከባሏ ጋር ይጻፋል፤ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ከአያቶቻችን ዘመን የቀረብን ነገር በወረቀት ተመለሰልን።

የድሮ የርስት ክርክር ፋይል ካገኘሽ ግን ተጠንቀቂ። ወርቅ ነው፤ «እከሌ እከሊትን ወለደ» እያለ እስከ አቅኚው ይወጣል። ነገር ግን ለመርታት የተጻፈ ነው። ከሳሹ ያልሆነውን አያት ሊጨምር፣ የማያስፈልገውን ትውልድ ሊዘል ይችላል። የተከሳሹን መልስ ሳታነቢ የከሳሹን ሐረግ አትገልብጪ፤ ሁለቱ የተስማሙበትን ብቻ በእርግጠኝነት ጻፊ።

መጽሐፍ ከፈለግሽ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ አሉ። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ጎጃም የነበሩ ሠዓሊና ጸሐፊ ናቸው፤ የጎጃምን ትውልድ ከዓባይ እስከ ዓባይ ጽፈዋል፤ መጽሐፉም በግርማ ጌታሁን አዘጋጅነት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በ2003 ዓ.ም. ታትሟል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ቤተ መጻሕፍት ጠይቂ፤ ካልሆነ ወመዘክርን ወይም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን። ሰፋ ያለ ነው፤ ግን የተጻፈው ይበልጡን ስለ ባላባቶቹ ነው። አራሹ አያትሽ ውስጡ ባይኖር ስሙ ስላማረሽ ብቻ ከአንዱ ደጃዝማች ጋር አታገናኚው። እኚህ ሰው ራሳቸው በልጅነታቸው ከዓባይ ማዶ የመጡ የኦሮሞ ልጅ ናቸው፤ የጎጃምን ትውልድ የጻፈልን እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን አትርሺ። ከመራዊ በኩል ያለው ሜጫ ስሙን ያገኘው ዓባይን ከተሻገሩት የሜጫ ኦሮሞዎች ነው፤ ከምዕራባችን አገው አለ። ወደ ላይ ስትወጪ ከእነሱ አንዱን ታገኛለሽ። ባገኘሽ ጊዜ እንዳትደብቂ፣ ለማንም ክርክር ማገዶ እንዳታደርጊውም።

ከዚህም የሚከብድ ታገኛለሽ። በቤቱ ያደገች፣ ወልዳ የከበደች፣ ግን በግዢ የገባች ሴት ትኖራለች፤ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነውና ሩቅ አይደለም። ሸማ ሲሠራ፣ ሸክላ ስትሠራ የተናቀ ወገን ይኖራል። ሽማግሌው እዚህ ሲደርስ ዝም ይላል፤ ወይም ሐረጉን ዘሎ ይነግርሻል። አትጫኚው፤ ስታስተውዪ ግን በደብተርሽ «እዚህ የተዘለለ አለ» ብለሽ ምልክት አድርጊ። ያቺ ሴት አያትሽ ከሆነች ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ መፈለግ ያለብሽ የእሷን ስም ነው፤ ሌሎቹን የሚያስታውስ ዘመድ ነበራቸው፤ እሷ ከዘመዶቿ ተለይታ ነው የመጣችው። ነገር ግን በሕይወት ያሉ ልጆቿን ሳታስፈቅጂ የጻፍሽውን ለማንም አታሳዪ። የራስሽን ታሪክ መግለጥ መብትሽ ነው፤ የጎረቤትሽን መግለጥ ግን መብትሽ አይደለም።

ስም ያጣሽለትን ሰው ባዶ አትተዪው። «የእከሌ እናት፣ ከዘጌ የተዳረች፣ ስሟ ያልታወቀ» ብለሽ ጻፊ፤ ማን እንደነገረሽና መቼ እንደነገረሽ ከሥሩ አስፍሪ። አንዱ የነገረሽ ከሌላው ጋር ካልገጠመ ሁለቱንም ጻፊ፤ አንቺ ዳኛ አይደለሽም። ጽፈሽ ስትጨርሺ በአንድ ቅጂ አትርኪ፤ አንዱን ለደብሩ፣ አንዱን ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለነገሩሽ ሰዎች ስጪ። ከመስጠትሽ በፊት ግን ለእነዚያ አሮጊቶች ቁጭ ብለሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ይሰማል። የተሳሳተውን «አይደለም፣ እሷ የእህቷ ልጅ ናት» ብለው ያርሙሻል፤ እየታረመም ሌላ ስም ይወጣልና እርሳስሽን ይዘሽ ተቀመጪ።